መልስ፦ ከግላስጎው ሳይርቁ ሐይቅ ቁልቁል የሚታይበት ኮረብታ

ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለን፣ ልጆች ይዘን የምንወጣው ሐይቅ የሚያሳይ ኮረብታ ከግላስጎው አቅራቢያ አለ ወይ ላልሽው፣ ኮኒክ ሂል ውጡ። መነሻው ሎክ ሎሞንድ የተባለው ሐይቅ ዳር ያለችው ባልማሃ መንደር ናት። መኪና ከሌላችሁ እስከ ባሎክ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። በመኪና ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ድረሱ።

ከፍታው 360 ሜትር ገደማ ነው ሲባል ቀላል እንዳይመስልሽ፣ አቀበቱ ያስተነፍሳል። መጀመሪያ ጫካ ነው፣ ቀጥሎ ደረጃ ይመጣል። ልጆቹ የሚነጫነጩት እዚያ ላይ ነው፤ ብስኩት ያዢ። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት።

እይታው ግን ሌላ ነው! የሐይቁ ደሴቶች ከታች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። መስመሩ የስኮትላንድን ደጋና ቆላ የሚለየው ጥንታዊ የመሬት ስንጥቅ ነው፤ ኮረብታውም ያረፈው እሱው ላይ ነው። ጫፍ ካልደረሳችሁም አይቆጫችሁ፣ ሐይቁ ከዚያ በፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሐምሌ ነው ብለሽ ጃኬት እንዳትተዪ፤ ላይ ንፋሱ አይጣል ነው። ንፋስ ከሌለ ደግሞ ሚጅ የሚሏት ደቃቅ ተናካሽ አለች፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ።