የሴፕቲክ ታንክ ፈቃድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሥራዬ የቤት ሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ መስመር) ዲዛይን ነው። ስለ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤት ፍሳሽ ተጠራቅሞ ዝቃጩ ስለሚቀርበት ጉድጓድ፣ እና ስለ ፈቃዱ ከጠየቃችሁኝ የቻልኩትን እነሆ።

ከሆጤ፦ ጂ ፕላስ ዋን ልጀምር ነው። ለሴፕቲክ ታንኩ ለብቻው ፈቃድ ላውጣ?

አዲስ ቤት ከሆነ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር አብሮ ነው የሚታየው። ካርታህን ይዘህ፣ የሳኒተሪ ፕላኑን ከሌሎቹ ፕላኖች ጋር አያይዘህ ታቀርባለህ። ሳይት ፕላኑ ላይ ታንኩ፣ ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ ወደ አፈር የሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድ (ሶክ አዌይ) እና የጎረቤት አጥር በግልጽ ይታዩ፤ ርቀታቸውም በሜትር ይጻፍ። ሰው የሚጨነቀው ለታንኩ ነው። ታንክማ ጎበዝ ግንበኛ ይሠራዋል። ዋናው ጥያቄ ከታንኩ የሚወጣው ውሃ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ሜዳ ላይ ላለ ቤት የተሳለ ፕላን ኮፒ አድርጎ ደሴ ዳገት ላይ ማስገባት መዘዙ ብዙ ነው።

ከሸዋበር፦ ቤቱ የቆየ ነው። የጉድጓድ ሽንት ቤቱን ትቼ በውሃ የሚሠራ ላስገባ ነው። ዝም ብዬ ባስቆፍርስ?

ተይ እህቴ። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ፤ የሚፈልጉትን ሰነድ ዝርዝር እዚያው አጽፈሽ ውጪ። አለዚያ በቃል የተነገረሽ ነገር በማግስቱ ይለወጥና ትመላለሻለሽ።

ከጦሳ ግርጌ፦ ቦታዬ ተዳፋት ነው። የታችኛው ጎረቤቴ «ፍሳሽህ በግንቤ ሊመጣ ነው» ብሎ ተቆጥቷል። እውነት አለው?

አለው። ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ማስረጊያውን ከደጋፊ ግንብ ጀርባ ብትቆፍረው አፈሩ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ግንቡን ይገፋል። ክረምት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ግንቡ ላይ አረንጓዴ እርጥብ መስመር ካየህ ፍሳሹ መንገዱን አግኝቷል ማለት ነው። ማስረጊያውን ከግንቡ አርቀው፣ የጣሪያ ውሃ ወደዚያ እንዳይገባ አድርግ። ቦታ ከሌለህ ውሃ የማያሳልፍ ታንክ ሠርተህ በመኪና ማስመጠጥ ይሻልሃል፤ ወጪው ግን እንዳለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለቤት ጎረቤቱን በመጥፎ ሽታም ቢሆን ከልክ በላይ እንዳያስቸግር ይከለክላል። ፈቃድ አለኝ ብለህ አትዝናና። ደግሞ ከመቆፈርህ በፊት ቡና ጠርተህ ፕላኑን አሳየው። ወሎ አይደለንም እንዴ?

ከኮምቦልቻ፦ ቦርከና አጠገብ ሜዳ ላይ ነኝ። አንድ ሜትር ተኩል ስንቆፍር ውሃ ወጣ።

ማስረጊያ ጉድጓዱን እርሱት። ከጉድጓዱ ወለል እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ደረቅ አፈር መኖር አለበት፤ አለዚያ ያልተጣራ ፍሳሽ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃ የማያሳልፍ ታንክ ይሥሩ። ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ታንኩ ሲመጠጥ ባዶ ይሆንና ውሃው ከሥር ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ወለሉ ከባድ አርማታ ይሁን። በክረምት ሙሉ በሙሉ አያስመጥጡት።

ከሮቢት፦ አፈሬ ዋልካ ነው። ውሃ ይውጣል?

ሞክረው። ማስረጊያው በሚቆፈርበት ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር በ30 የሆነች ጉድጓድ ቆፍር፤ ውሃ ሞልተህ አሳድራት። ጠዋት እንደገና ሙላና ሰዓት ያዝ። ውሃው 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አይሆንም። ውጤቱን ጽፈህ ከፕላኑ ጋር አቅርብ። ዋልካ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ውሃ የሚውጥ ይመስላል፤ ክረምት ሲያብጥ ይዘጋል። ስለዚህ ደረቅ አፈር ላይ ለክተህ አትደሰት።

ለስድስት ሰው ምን ያህል የሚይዝ ታንክ ይበቃል?

ከ3 ሜትር ኩብ አትውረድ። ሁለት ክፍል ይሁን፣ የመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ።

እርሾ ይጨመርበት ይላሉ። እውነት ነው?

አያስፈልግም። ባክቴሪያው ራሱ ይመጣል። ይልቅ በረኪና በጀሪካን አትድፉበት፣ ዘይትም አታፍሱበት።

ከፒያሳ፦ ክዳኑን በሴራሚክ ልሸፍነው?

አይ! በየ3 ዓመቱ ገደማ መከፈት አለበት። የመምጠጫ መኪናው ቱቦ ከመንገድ እስከ ክዳኑ መድረሱን አሁኑኑ በገመድ ለካ። ሲከፈት ደግሞ ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይውረድ፣ የወደቀ ነገር ለማውጣትም ቢሆን። ጋዙ ወዲያው ይገድላል፤ ሊያወጣው የገባውም አይተርፍም።