ሰኔ 30 እንዳይቀድማችሁ

ሰሞኑን አንዲት የአቃቂ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የክበባችንን አሮጌ ቤት ለማሳደስ ከከተማው ብር ልንጠይቅ ነው። ማመልከቻው ላይ ምን ብለን እንጻፍ?» አለችኝ። ማመልከቻውን ተዉት፤ እሱን ወረዳው በር ላይ የሚቀመጡት ጸሐፊዎች ያሳምሩላችኋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እዚያው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አንድ የድሮ የሠራተኞች ክበብ ነበር። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። እኛ ጎረምሶቹ ከረንቡላ ስንጫወት አባቶቻችን በጎን ባለው ክፍል ዕድር ይሰበሰቡ ነበር። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ዘበኛው የትኛው ቀዳዳ የት እንደሚያንጠባጥብ በቃሉ ያዘው። ሰማዩ ገና ሲጠቁር ባልዲውን፣ ድስቱን፣ የዘይት ጣሳውን በየቦታው ይደረድራል። አንድ ሰርግ ላይማ ጎንበስ ብሎ በሙሽሪት ወንበር ሥር ጣሳ ሲያስገባ አይቼዋለሁ። እሷም አልተነሳች፤ ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ ጉርሻዋን ተቀበለች።

መሐንዲስ ከሆንኩ በኋላ የዕድሩ ሽማግሌዎች አስጠሩኝ። ለክበቡ ጥገና ከከተማው ብር ተመድቦላቸው ነበር። ደስታቸው አይነገርም። ብር ግን የሚለቀቀው በወረቀት ነው። መጀመሪያ «የይዞታ ማረጋገጫ አምጡ» ተባሉ። ከ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ቤቱን የያዘው ቀበሌ ነው፤ ዕድሩ በቃል ፈቃድ ነው ሲገለገልበት የኖረው። ካርታ ከየት ይምጣ? ቀጥሎ «ቤቱ ያረጀ ስለሆነ ከቅርስ በኩል ፈቃድ ያስፈልጋል» ተባለ። በእርግጥ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። የኛ ቤት ቅርስ ይሁን አይሁን ግን ቁርጡን የሚነግረን ጠፋ። ስንሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ስንመለስ «ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው»። ሦስት ፕሮፎርማ እስክናሰባስብ ግንቦት አለቀ።

የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ነው። የኛም ተመለሰ። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ የምዕራቡ ግድግዳ ከነጣሪያው ተናደ። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

እኔን የሚቆጨኝ ዕድሩ ሳጥን ውስጥ የነበረው ብር ነው። በሱ ብር ግንቦት ላይ ሁለት ሰው መሰላል ይዞ አሸንዳውን ቢጠርግ፣ የዛገውን ቆርቆሮ ብቻ ቢቀይር፣ ግድግዳው ያን ክረምት ይወጣው ነበር። ሁላችንም የከተማውን ብር ስንጠብቅ ማንም መሰላል አላነሳም። ትዕግሥት የላችሁም እያልኩ እናንተን ሁሌ እወቅሳለሁ። ያንን ቤት የጣለው ግን የኛ ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ካርታውን አሁኑኑ አጣሩ። ቤቱ የወረዳ ከሆነ ከወረዳው ጋር የጽሑፍ ውል ያዙ። የሚመጣው ዓመት በጀት የሚታቀደው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ሐምሌ ላይ «ብር ተለቀቀ» ሲባል ሰምታችሁ ብትሮጡ ድግሱ ካለቀ መድረሳችሁ ነው። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ጣሪያውን ለብቻው አስቀምጡ። የተፈቀደው የጠየቃችሁት ግማሽ እንኳ ቢሆን ጣሪያው ይሠራል።

ዘንድሮ ጥገና ሲባል ቀለም መቀባት የሚመስለው ወጣት በዝቷል። ፎቶ ላይ ያምራላ! ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ እናስለስንላችሁ የሚል ተቋራጭ ከመጣም አሰናብቱት። ከሥር የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ከውስጥ ይበሰብስና ልስኑ እየተላቀቀ ይወድቃል። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ይለሰን፣ ላዩ ኖራ ይቀባ። ቆርቆሮ ስትገዙ ደግሞ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር አትርሱ። 35 ጌጅ ርካሽ ነው ብላችሁ አትሸወዱ፤ 28 ብትችሉ ጥሩ ነው።

የደወልሽልኝ ልጅ፣ ማመልከቻው ይቆይና አሸንዳውን ዛሬ እዪው። ሳር በቅሎበት ከሆነ ነገ ይጠረግ፤ ለዚህ የማንም ደብዳቤ አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የሥራ ዝርዝር ናሙና አለኝ፤ ኑና ኮፒ አድርጉ። በቴሌግራም ላክልን እንዳትሉኝ፣ ወረቀት ነው።