የኦቲዝም ሕክምና ድጋፍ ከመጠየቅዎ በፊት የሐኪሙን ደብዳቤ ያሟሉ

ውድ እህቴ፣ የ4 ዓመት ልጅዎ ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረዎ በኋላ የሕክምናው ወጪ ከአቅምዎ በላይ እንደሆነና የገንዘብ ድጋፍ ፍለጋ ከየት እንደሚጀመር የጠየቁትን አነበብሁ። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍሁ እናት ስለሆንሁ፣ እኔ የተንገላታሁበት ነገር እርስዎን እንዳያንገላታ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ።

1ኛ. ከማንኛውም ማመልከቻ በፊት የሐኪሙ ደብዳቤ የተሟላ ይሁን። «ኦቲዝም አለበት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበት ወረቀት አያስኬድም። ደብዳቤው የምርመራውን መለያ ቁጥር መያዝ አለበት፤ ይህም በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛ የበሽታዎች ምደባ ኤፍ 84.0፣ በ11ኛው ደግሞ 6ኤ02 ነው። ከዚህም ጋር ልጁ ያለ ሰው እርዳታ ምን ማከናወን እንደማይችል፣ የታዘዘለት የንግግር ወይም የባህሪ ሕክምና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥል በዝርዝር ይጻፍበት።

2ኛ. በቃል የተነገረ እምቢታ አይቀበሉ። ድጋፍ ልጠይቅ በሄድሁበት ቢሮ ያስተናገደችኝ ኃላፊ የሰነዱን የመጀመሪያ ገጽ እንኳ ሳትጨርስ ልጄን ቀና ብላ አየችውና «ይኼ ምን ሆነ? ይሮጣል፣ ይስቃል፤ ሲያድግ ይናገራል» አለችኝ። በወረፋው የቆሙት ሁሉ እየሰሙ ነበር፤ ያ ንግግር ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። የእርስዎም ልጅ ሲያዩት ጤነኛ ስለሚመስል ይህንኑ እንደሚሉዎት አልጠራጠርም። ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንድትሰጠኝ ስጠይቃት «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» ብላ መለሰችኝ። እኔ ግን ጥያቄዬን በደብዳቤ አዘጋጅቼ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ቀንና ፊርማ ያረፈበትን ቅጂም ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የጽሑፍ መልስ ከመስጠት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። መልሱ «የድጋፉ አስፈላጊነት አልተብራራም» የሚል ነበርና የልጄ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ልጁ ፍላጎቱን በቃል መግለጽ እንደማይችል፣ የመንገድ አደጋ እንደማይለይ፣ ብቻውን ልብስ መልበስ እንደማይችል ዘርዝራ ጻፈችልኝ። ይግባኙን ያለ ጠበቃ ራሴ አዘጋጅቼ አቀረብሁ፤ ውሳኔውም ተሻረ። በዚህ እኮራለሁ፤ ልጄ ዛሬ ውኃ ሲፈልግ «ውኃ» ብሎ ይጠይቃል።

ስለ ክፍያው አንድ ነገር ልጨምር። ድጋፍ ሰጪዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍሉት በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ነው፤ ከፈቃዱ በፊት ከኪስዎ ያወጡትንም ላይተኩልዎ ስለሚችሉ፣ ቅድመ ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይደርስዎ ትልቅ ክፍያ አይፈጽሙ። ተቋሙንም በገቢ መጠን የሚወሰን ክፍያ እንዳለው በግልጽ ይጠይቁት፤ ካልጠየቁት ማንም አይነግርዎትም።

የተገኘውን ገንዘብ ደግሞ «ኦቲዝምን እናድናለን» ለሚሉ ሰዎች አይስጡ። ለኦቲዝም ይረዳል ይባል የነበረው ሴክሬቲን የተባለው ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ መርፌ ያልተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሰውነት ከባድ ብረታ ብረቶችን ያወጣል በሚባለው ኪሌሽን በተሰኘው ሕክምና ምክንያትም እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የ5 ዓመት ሕፃን ሞቷል። ለእኔም እንዲህ ያለ ሕክምና አቅርበውልኝ ነበር፤ ተበድረሽም ቢሆን ክፈዪ ብለው የገፋፉኝን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋቸውም።

ፈቃዱን በሚጠባበቁበት ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና በአካባቢዎ ይሰጥ እንደሆነ ያጠያይቁ። 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የሚያሠለጥኑትም የግድ ስፔሻሊስት ሐኪሞች አይደሉም። ልጁ በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ መካከል እንዴት እንደሚግባባ የሚያስተምር ስለሆነ፣ የሕክምናው ሰዓት ጥቂት ቢሆንም ቤት ውስጥ ሥራው አይቋረጥም።

የሚሞሉት የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ የሚጠይቀው የትኛውን የምደባ ቁጥር እንደሆነ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ባለሙያዋ የጻፈችልኝን ደብዳቤ የልጄን ስም ሸፍኜ በግል እልክልዎታለሁ።