ሊንክስ ላይ ኳሷን ከመሬት አታርቃት

«እስካሁን ጎልፍ የተጫወትኩት ዛፍ በበዛበት ሜዳ ነው። በሚቀጥለው ወር ስኮትላንድ ሄጄ ባህር ዳርቻ ያለ ሊንክስ ላይ ልጫወት ነው፤ ምን ይለየዋል?» ላልከው ወንድማችን፦

ዋናው ልዩነት መሬቱ ነው። ሊንክስ የሚባለው በባህሩና በእርሻው መካከል ያለ አሸዋማ መሬት ነው። አሸዋ ውሃ አይይዝም፤ ስለዚህ ሜዳው ጠጣር ነው። ኳሷ ስታርፍ ቀጥ አትልም፤ ትነጥርና ትንከባለላለች።

እኔ ይሄ የገባኝ ሦስት ሆል (ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ያለ አንድ ምዕራፍ) ካበላሸሁ በኋላ ነው። እንደለመድኩት በዌጅ (ኳስ ሽቅብ በሚያወጣ ዱላ) ከፍ አድርጌ ግሪኑ (ጉድጓዱና ባንዲራው ያሉበት አጭር ሣር) መሃል አሳርፋታለሁ፤ ሄጄ ሳይ ከግሪኑ ጀርባ ቁጥቋጦ ስር ተወሽቃለች። አራተኛው ላይ ካዲዬ (ቦርሳዬን የሚሸከሙልኝ)፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ዌጁን ከእጄ ወስደው ፓተር (ግሪን ላይ ኳስ ማንከባለያ ዱላ) ሰጡኝ። ግሪኑ ገና 20 ሜትር ይቀረኛል! የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። መታኋት። ጉብታውን ወጣች፣ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ከባንዲራው አንድ እርምጃ ላይ ቆመች። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ቦርሳውን አንስተው ሄዱ።

ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ጠንክረህ መምታት ያምርሃል። ተው። በኃይል ስትመታት ሽክርክሪቷ ይጨምራል፣ ሽቅብ ትወጣለች፣ ነፋሱ እንደ ፌስታል ይጫወትባታል። 7 አይረን (የብረት ዱላ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ያርቃታል) በሚበቃህ ቦታ 5 ያዝ፤ ኳሷን ወደ ቀኝ እግርህ ጠጋ አድርገህ (ግራኝ ካልሆንክ) ረጋ ብለህ ምታ። ብዙዎቹ የድሮ ሜዳዎች ዘጠኝ ሆል ሄደህ ዘጠኝ የምትመለስባቸው ናቸው። ስትሄድ ነፋሱ ከጀርባህ ከነበረ ባገኘኸው ነጥብ ቶሎ አትፎክር።

የሊንክሱን ባንከር (የአሸዋ ወጥመድ) አንተ በለመድከው ሜዳ ላይ ካለው የአሸዋ መደብ ጋር አታምታታው። ጉድጓድ ነው፤ ግድግዳው በሣር ቁራጭ የተደረደረ። አንዱ ውስጥ አራት ጊዜ ወደ ፊት ሞክሬ በአምስተኛው ወደ ኋላ ወጣሁ። መጀመሪያውኑ ወደ ኋላ መምታት ነበረብኝ። ጭራሽ ካልሆነልህ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ደንቡ በሁለት ምት ቅጣት ከባንከሩ ውጪ፣ ከኋላው ኳሷን እንድትጥል ይፈቅድልሃል። እልህ ከሁለት ምት በላይ ያስከፍላል።

ሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው ሊንክስ ከደረሰህ 112 ባንከር አለው፣ ብዙዎቹ ከቲው (ከመምቻ መነሻው) ላይ አይታዩም። ሰባት ግሪኖች እያንዳንዳቸው ለሁለት ሆል ያገለግላሉ፤ የሁለቱ ቁጥር ሁሌ ሲደመር 18 ይመጣል። የማን ባንዲራ እንደሆነ አይተህ ምታ። እሁድ እንዳትሄድ፤ በአብዛኛው ለጎልፍ ዝግ ነው፣ ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

ዣንጥላ አትያዝ። የኔ ሁለተኛው ሆል ላይ ተገልብጦ ተሰበረ። የዝናብ ጃኬትና ትርፍ ጓንት ይበቃሃል።