«ዘጋችኝ» ለተባለችው ልጅ

ልጄ፣ ጥያቄሽ አጭር ናት፤ «የክፍሌ ልጅ ፀጉሯን ተቆርጣ ሳላውቃት አለፍኳት፤ ዘጋችኝ ብላ ተቀየመችኝ። 13 ዓመቴ ነው፤ በሽታ ይሆን?» ብለሻል። እንዲህ ለሚጠይቁ ልጆች እኛ የሙያው ሰዎች «ልብ ብለሽ ስለማታዪ ነው» ስንል ኖረናል። ይቆጨኛል፤ የተሻለውን መልስ የሚያሳይ ሥራ ቀድሞ ተሠርቶ ነበርና።

ሱዛን ኬሪ እና ሪያ ዳይመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 ባወጡት ጥናት ልጆችን የማያውቁትን ሰው ፎቶ ካሳዩ በኋላ፣ ያንኑ ሰው ከሁለት ፎቶዎች እንዲለዩ ጠየቋቸው። ፈተናው ኮፍያውና ልብሱ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰው ያደረገውን ሌላ ሰው አድርጎት ይቀርባል። የ6 ዓመት ልጆች ኮፍያውን ተከትለው ተሳሳቱ። 10 ዓመት ገደማ የሆኑት ግን ፊቱን ያዙ። በ1980 ደግሞ ከሌላ ባልደረባ ጋር፣ ፊት የመለየት ችሎታ ከ6 እስከ 10 ዓመት ፈጥኖ እንደሚያድግ፣ 12 ዓመት ላይ ወረድ እንደሚል፣ በ16 ዓመት ግን እንደሚያገግም ጻፉ። መውረዱ በኋላ ከተሠሩት ጥናቶች በአንዳንዶቹ ብቻ ነው የታየው፤ ስለዚህ እሱን ምክንያት አድርገሽ አትያዥው።

ጸንቶ የቆየው ነገር፣ በአንቺ ዕድሜ ይህ ችሎታ አድጎ አለመጨረሱ ነው። በአንጎል ታችኛው ገጽ፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ ፊት ስናይ ጎልቶ የሚሠራ ስፍራ አለ፤ በጉርምስናም መስፋቱን ይቀጥላል። በ2011 የወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተፈተኑበት ጥናት፣ አዲስ ፊት የማስታወስ ችሎታ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው 30 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑን አሳይቷል፤ ስም የማስታወስ ችሎታ ግን በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ የእኩዮችሽ አፍንጫና መንጋጋ ራሱ እያደገ ነው።

ለመሆኑ ፀጉር ለምን ያሳስታል? ብዙ ያላየነውን ሰው የምንይዘው በውጭው ነው፤ በፀጉሩ፣ በፊቱ ዙሪያ ቅርጽ። የለመድነውን ግን በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ አካባቢ እናውቀዋለን። ይህን ከጓደኛሽ ጋር ሞክሪው። ጓደኛሽ የማታውቃቸውን፣ የሚመሳሰሉ ሁለት ታዋቂ ሴቶች ምረጪና የእያንዳንዳቸውን 20 ፎቶ ሰብስቢ። ፎቶዎቹ በተለያየ ብርሃን፣ ዓመትና አቅጣጫ የተነሡ ይሁኑ። 40ውን ቀላቅለሽ «በየሰዉ ለዪያቸው» በያት፤ ስንት ሰው እንዳለ ግን አትንገሪያት። በ2011 ይህ ሲሞከር፣ ሴቶቹን የማያውቁ ሰዎች በአማካይ ከ7 በላይ ክምር ሠሩ፤ የሚያውቋቸው ያለ ችግር ሁለት አደረጉ። አንድን ሰው የምታውቂው በመልኩ መለዋወጥ ውስጥ ደጋግመሽ ስታዪው ነው። ዛሬ ወጣቶች የምትለዋወጡት ፎቶ ብዙው በአንድ አቅጣጫ የተነሣ፣ ተስተካክሎ የተለሰለሰ ነው፤ ከሱ ፊት መልመድ አይቻልም ባይ ነኝ።

አዲስ ሰው ስታገኚ መልኩን በቃላት ለመዘርዘር አትድከሚ፤ «ቀጭን አፍንጫ፣ ሰፊ ግንባር» ማለት አንዳንዴ ትዝታውን ያደበዝዛል። «ይህ ሰው ታማኝ ይመስላል?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ግምቱ ልክ ባይሆንም እንዲህ የታየ ፊት የተሻለ ይታወሳል። አትዘርዝሪ ብልም፣ ቅንድብን ግን አስተውዪ፤ ከታዋቂ ሰዎች ፎቶ ላይ ቅንድቡ ሲጠፋ፣ ዓይኑ ከሚጠፋው ይበልጥ ለማወቅ አስቸግሯል።

ከልጅነትሽ ጀምሮ የቤተሰብሽን ፊት ከቦታው ውጭ የማትለዪ፣ የራስሽንም ፎቶ የምትስቺ ከሆነ ፕሮሶፓግኖሲያ የሚባለው፣ ፊትን የመለየት ችግር ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ወይም የነርቭ ባለሙያ ይይሽ። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ በድንገት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የጻፍሽልኝ ከሁለቱም አይመስልም።

ለጓደኛሽ «ፊት ቶሎ አይያዝልኝም፤ ሳልጠራሽ ካለፍኩ አንቺ ጥሪኝ» በያት። ዛሬውኑ፣ ቅያሜው ሳይከርም።