ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የውጭ አገር የፈረስ ውድድር በስልክ እናያለን። ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ፈረስ እንይዛለን፤ ፈረሱ ወደ ኋላ የቀረበት ቡና ይጋብዛል። አንዱ ጓደኛዬ ባለፈው ያሸነፈውን ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላው ስሙ የጣመውን። እኔ ሕዝቡ የሚጠብቀውን እይዛለሁ፣ ግን ቡናውን አብዛኛውን ጊዜ የምከፍለው እኔው ነኝ። ዝርዝሩ ሲወጣ መጀመሪያ ምን ልይ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ፈረስ የሚያሸንፈው ከሦስት ውድድር በአንዱ ግድም ነው። እሱን መያዝ አይከፋም። ግን ለምን እንደሚጠበቅ ራስህ እወቅ።

እኔ ዝርዝር ሲደርሰኝ የፈረሶቹን ስም በእጄ ከልዬ ሜዳውን አነባለሁ። ሣር ነው አሸዋ? ስንት ሜትር ነው? ሰሞኑን ዘንቧል ወይ? ይህን ልማድ ያስያዘችኝ ደላንታ ናት።

ያደግሁት እዚያው ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ ነው። በጥምቀት ጉግሱ ሲያበቃ ጎረምሶቹ በሽምጥ ይጋልባሉ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዳማ ድንጉላ ነበር። በደረቅ ሜዳ የሚደርስበት አልነበረም። አንድ ዓመት በከተራ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። የእኛ ሜዳ ዋልካ ነው። ሲርስ እንደ ሊጥ ኮቴ ላይ ይለጠፋል፤ እግር ሲነቀል ቿ ይላል። ዳማው ገና ሲነሳ እንደለመደው ረዥም ረዥሙን ሊዘል ሞከረ። ትንሽ እንደሄደ የኋላ እግሩ ከዳው። የሚጋልበው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ጋማው ላይ ተጠምጥሞ ነው የተረፈው። ያሸነፈው እህል ጭኖ ገበያ የሚመላለስ አንድ ሀመር ፈረስ ነበር። ኮቴው ሰፊ፣ እርምጃው አጭር። እግሩን ቶሎ ቶሎ እያነሳ፣ አንዴም ሳይንሸራተት ገባ። ያን ቀን ማንም አልያዘውም ነበር።

ያንኑ ነገር ፓሪስ ላይ ደግሜ አየሁት። ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮምፍ የሚባለው ውድድር ከ1920 ጀምሮ የሚካሄድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሎንግሻን በሚባለው የሣር ሜዳ 2400 ሜትር ይሮጣሉ። ቀኑ የጥቅምታቸው የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ ለእኛ መስቀል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ያን ጊዜ ፓሪስ ዝናብ አያጣትም። በ2021 ደርቢ የሚባለውን ትልቁን የእንግሊዝ ውድድር ያሸነፈው አዳየር ተሰልፎ ነበር፤ ታዋቂዋ ባዝራ ታርናዋም ነበረች። ሜዳው ግን ርሶ ነበር። ከጀርመን የመጣው ቶርኳቶር ታሶ፣ ያን ያህል ያልተወራለት ፈረስ፣ በመጨረሻው ላይ መጥቶ ቀደማቸው። ዕድል ነው ያለ ብዙ ነው። በ2022 እንደገና ዘነበና ያው ፈረስ ሦስተኛ ወጣ። ይሄ ዕድል አይደለም፤ ጭቃ የሚያውቅ እግር ነው።

እዚያው ውድድር ላይ የጃፓን ፈረሶችን ሳይ ልቤ ይነካል። በ1999፣ በ2010፣ በ2012 እና በ2013 ሁለተኛ ሆነው ተመለሱ። የ2012ቱን ፈልገህ እየው። ኦርፌቭር ሁሉንም ትቷቸው ወጣ፤ አለቀ ስትል ሶሌሚያ የምትባል ባዝራ መጨረሻው ላይ ደረሰችበት። የጃፓን ሜዳ ጠንካራና ፈጣን ነው። የሎንግሻን ሣር ደግሞ ለስላሳ ነው፣ መሐሉ ላይም ዳገት አለው። ታዲያ ከቶኪዮ የመጣ ፈረስ ደካማ ነው እንዳትል። በ2023 የዱባይ ወርልድ ካፕን ያሸነፈው የጃፓኑ ኡሽባ ቴሶሮ ነው፤ ያውም ከኋላ ተነስቶ። እዚያ የሚሮጠው 2000 ሜትር፣ በአሸዋ ላይ ነው። አሸዋ የራሱ ጣጣ አለው። የፊተኞቹ ኮቴ የሚረጨው የኋለኛውን ፊት ይመታል፤ ያልለመደ ፈረስ አንገቱን ቀና አድርጎ መሮጡን ይተወዋል። ስለዚህ በሣር ብቻ የሮጠ ፈረስ ዱባይ ላይ ስታገኝ አትቸኩል።

ከሜዳው ቀጥሎ ማን ፊት እንደሚወጣ ገምት። ፊት መምራት የሚወዱ ፈረሶች ብዙ ከሆኑ እርስ በርስ ይጨራረሳሉ። በ2022 በአሜሪካው የኬንታኪ ደርቢ የሆነው ይሄ ነው። ሪች ስትራይክ 80 ለ 1 የተባለ፣ ማለት ቢያሸንፍ ለአንድ ብር 80 የሚከፈልበት (ይህ ኦድ ይባላል)፣ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ፈረስ ነበር። የገባውም ሌላ ፈረስ በመውጣቱ፣ ለውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የፊተኞቹ ገና ከመነሻው እንደ እሳት ተለቀቁ። መጨረሻው ላይ እግራቸው ሲዝል እሱ ከኋላ በመሐላቸው እየተሹለከለከ መጥቶ አለፈ። ኦዱን ብቻ ያየ ሰው ተአምር ይለዋል። ፊት ሊወጡ የሚችሉትን አስቀድሞ የቆጠረ ሰው ግን፣ ሪች ስትራይክን ባይዝ እንኳ፣ የፊተኞቹን አይዝም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ብዙ ዓመት በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ዓይኔ ከዚያ አልወጣም። ከመነሳታቸው በፊት ፈረሶቹን በክብ ሲያዞሯቸው ስልክህን አትተው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደፊት አቅንቶ በረዥም እርምጃ የሚሄደውን ምልክት አድርግበት። በኋላ እግሮቹ መሐል ነጭ አረፋ የያዘው ግን ብዙ ጉልበቱን እዚያው እየጨረሰ ነው።

በቡና መወራረዳችሁን ደግሞ ወድጄዋለሁ። እዚያው ላይ ይቁም። በገንዘብ ሲሆን አጫዋቹ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ኦዱ ውስጥ ቀንሶ ነው የሚያቀርብልህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፈው ከሐይቅ ነው። አባቴ «ባዝራ ለመውለድ እንጂ ለግልቢያ አትሆንም» ይላል። በዝርዝሩ ላይ ባዝራ ሳይ ልዝለላት?

መልስ፦ እንዳትዘያት እህቴ። አባትሽ የሚሉት ያደጉበትን ነው። እኛም አገር ጉግስ የሚወጣው በድንጉላ ነበር፤ ባዝራዋ ከውርንጭላዋ ጋር ደጅ ትቀራለች። ስለዚህ ስትሮጥ ያያት የለም።

ፓሪስ ላይ ትሬቭ በ2013 እና በ2014፣ ኢኔብል በ2017 እና በ2018 ተከታትለው አሸንፈዋል። እዚያ ባዝራ ከወንዱ 1.5 ኪሎ ቀንሳ ነው የምትሸከመው፤ ሲቀራረቡ ይህ ቀላል አይደለም። የአውስትራሊያዋ ዊንክስ ደግሞ በ2019 ጡረታ ስትወጣ 33 ውድድር በተከታታይ አሸንፋ ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉም ማካይቢ ዲቫ ትበልጣለች። በእኛ ጥቅምት ማብቂያ የሚደረገው የሜልቦርን ካፕ 3200 ሜትር ነው፤ የጠነከረ ፈረስ የበለጠ ክብደት ይጫንበታል። በ2003 በ51 ኪሎ አሸነፈች። በ2004 55.5 ጫኑባት፣ አሸነፈች። በ2005 58 ኪሎ አደረጉባት። ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ያን የ2005ቱን እዩት። ሲያልቅ አባትሽ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።