ስለ ውሻ ክትባት ለጠየቃችሁኝ

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ስለምሠራ ስለ ውሻ ክትባት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቡችላዬ ሁለት ወሯ ነው፣ አንዴ ተከትባለች። ለምን ድገሙ ይሉናል? ገንዘብ ፍለጋ ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬሽ ይገባኛል፤ ግን አይደለም። ቡችላ እንደተወለደ ከሚጠባው እንገር ጋር የእናቱን የበሽታ መከላከያ ይወስዳል። ይህ መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠብቀዋል። ጣጣው ክትባቱንም ማክሸፉ ነው። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ አይታወቅም፤ ከአንድ እናት በተወለዱ ቡችሎች መካከል እንኳ የሳምንታት ልዩነት አለ። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ካርዱን ሳይ ሦስት ማኅተም አለ፣ የመጨረሻው ግን ቡችላው 11 ሳምንት ሳለ የተመታ ነው። ባለቤቱ ጨርሻለሁ ብሎ ተረጋግቷል። ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን የመጨረሻውን ሲወስድ የነበረው ዕድሜ ነው።

ጥያቄ፦ የቱ ክትባት ነው የማይቀረው?

መልስ፦ የሦስት ቫይረሶች ክትባት፦ መተንፈሻንና ነርቭን የሚያጠቃው ዲስቴምፐር፣ ከባድ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለው ፓርቮ እና ጉበት የሚያጠቃው አዴኖቫይረስ። ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአንድ መርፌ ይሰጣሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል። አይጥ ባለበት ወይም ውሃ በሚያቁርበት አካባቢ ከሆናችሁ ስለ ሌፕቶስፓይሮሲስ ሐኪሙን ጠይቁ። በሽንት የሚተላለፍ ሲሆን ሰውንም ይይዛል። ክትባቱ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው።

ጥያቄ፦ ክትባቱን እስኪጨርስ በር ዘግቼ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ግማሽ ልክ ነህ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በጫማህም ቤት ይገባል። ውሾች የሚርመሰመሱበት ቦታ አትልቀቀው። ነገር ግን ከሰውና ከሌላ ውሻ ጋር መኖርን የሚለምደው ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ተቆልፎ ካሳለፈው ሲያድግ በሆነው ባልሆነው የሚደነግጥ ፈሪ ይሆናል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። አቅፈኸው ውጣ። ክትባታቸውን የጨረሱ ጤነኛ ውሾች ያሉበት ቤት ውሰደው።

ጥያቄ፦ አድጎ ያገኘሁት ውሻ ነው፣ ካርድ የለውም።

መልስ፦ እንዳልተከተበ ቁጠሪው። ቢደገምበት አይጎዳውም።

ጥያቄ፦ ካደገ በኋላስ? በየዓመቱ ነው?

መልስ፦ ሁሉም አይደለም። የቡችላነቱን ከጨረሰ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ወይም ልክ ሲሞላው አንድ ማጠናከሪያ ይወስዳል። ከዚያ ሦስቱ ዋና ዋናዎቹ በየ3 ዓመቱ ይበቃሉ። የእብድ ውሻው እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደየአገሩ ሕግ በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ በጣም ትንሽ ናት። ግማሽ መጠን አይሻላትም?

መልስ፦ በጭራሽ። ክትባት እንደ ሌላ መድኃኒት በኪሎ አይለካም።

ጥያቄ፦ ተከትቦ መጥቶ ፍዝዝ አለብኝ፣ ምግብም ቀነሰ።

መልስ፦ አንድ ሁለት ቀን ይለፈው። የተወጋበት ቦታ ትንሽ ቢያብጥም አትደንግጥ። ፊቱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከወደቀ ግን እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ወዲያው ይዘኸው ተመለስ። ይህ ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚታይ፣ ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ክሊኒኩ አካባቢ መቆየቱ አይከፋም።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ውሻ ልጄን ነከሰው። ተከትቧል ይላሉ። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን ከመግደል የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ከተደረሰበት ግን ይከላከሉታል። የውሻው ካርድ እጃቸው ላይ ካለ ይዘሽ ሂጂ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። እስኪፈልጉልሽ ግን ቆመሽ አትጠብቂ፤ በኋላ ይዘው ይድረሱብሽ።